የጁባ እግር ኳስ፦ ከሰፈር ክለብ እስከ ብሔራዊ ቡድን

በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ብቻ ሳትሆን የአገሪቱ እግር ኳስ መናኸሪያም ናት። አትላባራ፣ ማላኪያ፣ ካቶርና ሙኑኪ የሚባሉት የከተማዋ ክለቦች ስማቸውን ያገኙት ከተመሠረቱባቸው ሰፈሮች ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአራዳ ልጆች እንደተወለደ ሁሉ፣ በጁባም ክለቡን ያቆመው በቅድሚያ የሰፈሩ ሰው ነው። ከአገሪቱ ውጭ የእነዚህን ክለቦች ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይሁንና የደቡብ ሱዳን እግር ኳስ የቆመው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ የጁባ ኳስ የሱዳን ኳስ አካል ነበር። ሱዳን ከግብፅ፣ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ በ1957 የመሠረተች አገር ናት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ዓመት በካርቱም ተካሂዷል። ደቡቡ ግን የዚህ ዕድል ተቋዳሽ አልነበረም። ከ1955 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 2005 የዘለቁት ሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች ሕዝቡን በትነው ከተሞቹን አዳክመዋል። ብዙ ወጣት ኳስን የለመደው በካርቱም ዳርቻ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያዎች ወይም ርቆ በአውስትራሊያ ነበር።

ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን አወጀች። ብሔራዊ ቡድኗ ለመጫወት የጠበቀው አንድ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ በጁባ ስታዲየም የኬንያውን ክለብ ተስከርን ገጠመ። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ባለሜዳዎቹ ግብ አስቆጥረው መሩ። ተስከር ከእረፍት በፊት አቻ ሆነ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጨምሮ 3 ለ 1 አሸነፈ። ቡድኑን የመራው ቀደም ሲል የሱዳን ብሔራዊ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ የነበረው ማሌሽ ሶሮ ነው። አገሪቱ ገና የካፍም የፊፋም አባል ስላልነበረች ጨዋታው በይፋ አልተመዘገበም። ለጁባ ሰው ግን ባንዲራው ሜዳ ላይ ሲሰቀል ያየበት የመጀመሪያው ግጥሚያ ነበር።

አባልነቱ ብዙም አልዘገየም። ካፍ በፌብሩዋሪ 2012 ተቀበላት፤ በሜይ ወር ደግሞ ፊፋ ቡዳፔስት ባደረገው ጉባኤ 209ኛ አባሉ አደረጋት። ቀደም ሲል ባንግላዴሽን ያሰለጠነው ሰርቢያዊው ዞራን ጆርጄቪች ቡድኑን ተረከበ። ጁላይ 10 ቀን 2012 በጁባ የተካሄደው የመጀመሪያው ይፋዊ ግጥሚያ ከኡጋንዳ ጋር 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ካምፓላ ላይ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሴካፋ ዋንጫ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያደርግ፣ በምድቡ ካገኛቸው አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ዋሊያዎቹ 1 ለ 0 አሸንፈዋል።

ክለቦቹም በአህጉራዊ ውድድር ዕድላቸውን ሞከሩ፤ መጀመሪያው መራራ ሆነባቸው። በ2013 የጁባው አል ናስር በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተመድቦ በደርሶ መልስ ጨዋታ ተሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት አትላባራ ኪጋሊ በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ውድድር ተሳተፈ። በ2015 ዳሬሰላም ላይ ተራው የማላኪያ ሲሆን፣ በዚያ ውድድር ኢትዮጵያን የወከለው አዳማ ከተማ ነበር።

የሽንፈቱ ምክንያት በአመዛኙ ከሜዳው ውጭ ነው። መንገዱ አስቸጋሪ፣ የአውሮፕላን ጉዞው ውድ በመሆኑ፣ ክለቦች ዓመቱን ሙሉ ከተማ ለከተማ እየተመላለሱ የሚጫወቱበትን ሊግ መመሥረት ከባድ ነበር። ስለዚህ ጁባ፣ ዋውና ሌሎች ከተሞች የየራሳቸውን ውድድር ያካሂዱ ነበር፤ አሸናፊዎቹ ደግሞ ተገናኝተው ለአገሪቱ ሻምፒዮናነት ይፎካከሩ ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ክለብ በዓመት የሚያገኘው ጠንካራ ግጥሚያ ጥቂት ነበር። በዲሴምበር 2013 ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ይህንኑ ጅምር አናጋው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሴፕቴምበር 5 ቀን 2015 ደረሰ። ለ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጁባ የገባችው ኢኳቶሪያል ጊኒ በዚያው ዓመት ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣች ቡድን ነበረች። አታክ ሉዋል ያስቆጠራት ብቸኛ ግብ ደቡብ ሱዳንን 1 ለ 0 አሸናፊ አደረገች፤ በይፋዊ ውድድር የተገኘ የመጀመሪያ ድል ነው። የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ሳምንት አልፎት ነበርና ደስታው ከኳስም በላይ ሆነ።

ኳስን ለዕርቅ የማዋሉ ሥራም በዚያው ሰሞን ተጀመረ። በጃንዋሪ 2016 ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተውጣጡ ወጣቶች በእግር ኳስና በአትሌቲክስ የሚወዳደሩበት የብሔራዊ አንድነት ቀን ጁባ ላይ ተካሄደ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ የደገፈው ይህ ውድድር ትልቁ ፋይዳው ከሜዳ ውጭ ነበር፤ ጦርነት በብሔር የለያያቸው ልጆች በአንድ ግቢ አብረው አድረው፣ አብረው በልተዋል። በጁላይ 2016 ጁባ ዳግም በተኩስ ብትናወጥም ውድድሩ በቀጣዮቹ ዓመታትም ተካሂዷል።

የጁባ ስታዲየም በፊፋ ድጋፍ እስኪታደስ ድረስ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳው ጨዋታዎችን በውጭ አገር ለማድረግ ተገድዶ ቆየ። በጁን 2024 ወደ ቤቱ ተመልሶ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያስተናገደው ቀድሞ ከደቡብ ሱዳን ጋር አንድ አገር የነበረችውን ሱዳንን ሲሆን፣ እንግዳዋ 3 ለ 0 አሸንፋለች። በሴፕቴምበር ደቡብ አፍሪካ ስትመጣ ግን ጨዋታው እስከ ጭማሪ ሰዓት 2 ለ 2 ቆየ፤ ታሌንቴ ምባታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያስቆጠራት ግብ ነጥቡን ነጠቀች። በኖቬምበር ደቡብ ሱዳን ኮንጎ ብራዛቪልን 3 ለ 2 ረታች። ቡድኑን ያሰለጥን የነበረው ፈረንሳዊው ኒኮላ ዱፕዊ ማዳጋስካርን በ2019 ለአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ያበቃ ነው።

ተስፋው በታዳጊዎቹም ታይቷል። በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ባስተናገደችው የሴካፋ ከ17 ዓመት በታች ማጣሪያ ደቡብ ሱዳን ለፍጻሜ ደርሳ በሶማሊያ ብትሸነፍም፣ ሁለቱም አልጄሪያ ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ውድድር አልፈዋል። ጦርነት ያደቀቃቸው ሁለት አገሮች በዕድሜው እርከን ቀጣናውን መርተው ወጡ።

ብሔራዊ ቡድኑ ዛሬ በውጭ ባደጉ ተጫዋቾች ጭምር የተገነባ ነው። ይህ አቋራጭ ጠቅሟል፤ በዘላቂነት ለውጤት የሚያበቃው ግን የአገር ውስጥ ሊግ ነው። ማላኪያና አትላባራ በየሳምንቱ የሚጫወቱበት መደበኛ ውድድር፣ ለታዳጊ የሚሆን ሜዳ፣ ደመወዙ የማይቋረጥ አሰልጣኝ ሲኖራቸው የጁባ ሰፈሮች ለአገራቸው ተጫዋች ማፍራታቸውን ይቀጥላሉ። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰላም ያስፈልጋል።