የጾም ቸኮሌት ኬክ ከጤፍ፦ ተረቱና እውነታው

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በሚኒሶታ፣ ሜፕልዉድ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ግን እነዚያው ሳምንታት የታንክስጊቪንግ፣ የትምህርት ቤት ግብዣና የመሥሪያ ቤት ድግስ የሚደራረቡባቸው ናቸው። በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚጾም አዋቂ፣ ወተት የማይስማማው ልጅና ሐኪም ስንዴ የከለከላት ጎረቤት አብረው ይቀመጣሉ። ለሁሉም የሚሆን አንድ የቸኮሌት ኬክ መጋገር ይቻላል፤ ጤፉ፣ ተልባውና ቡናው እንደሆነ ከብዙዎቻችን ቤት አይጠፋም። ሥራው ቀላል ነው። የሚያሳስበው በዙሪያው የሚነገረው ነው፤ አንዳንዱ አባባል ኬኩን ያበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ያሳምማል።

ተረት 1፦ «የጾም ከሆነ ለሁሉም ይስማማል»

እውነታው፦ ጾም የሚከለክለው ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ነው። ግሉተን ግን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ዳቦው፣ ፓስታው፣ የገብስ ቆሎው፣ የስንዴ ቂንጬው፣ ሳምቡሳው ሁሉም ይጾምባቸዋል፤ ሁሉም ግሉተን አላቸው።

በወተት በኩልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ላክቶስ ፍሪ» የተባለው ወተት ስኳሩ ተሰባብሮ ለሆድ እንዲቀል የተደረገ ያው የላም ወተት ነው። ለወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበትን ልጅ አያድነውም፣ ለጾመኛም አይሆንም። «ነን ዴይሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቡና ክሬመርም ብዙ ጊዜ ከወተት የሚወጣ ኬሲኔት የተባለ ፕሮቲን ይኖረዋል። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ጽሑፍ ትቶ ከጀርባ ያለውን የይዘት ዝርዝር ማንበብ ነው።

ተረት 2፦ «እንጀራ የምንጋግርበት ዱቄት ስለሆነ ግሉተን የለበትም»

እውነታው፦ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን የለውም። ችግሩ ንጹሕ መሆኑ ላይ ነው። በአሜሪካ ጤፍ ውድ በመሆኑ፣ ለእንጀራ ገብስ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን የስንዴ ዱቄት መደባለቅ የተለመደ ነው። ቤት ውስጥም በአንድ ጣሳ ጤፉንም ፉርኖ ዱቄቱንም እንቀዳለን፤ በአንድ ወንፊት ሁለቱንም እንነፋለን።

ለኬኩ የሚሆነው «ከግሉተን ነጻ» የሚል ምልክት ያለበትና ያልተከፈተ የጤፍ ዱቄት ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጤፍ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ምድር፣ በአይዳሆ እየተመረተ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት ያን ምልክት የያዘ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ግሉተን ሊኖረው ይገባል። ይህ በጣም ጥቂት ነው፤ ስንዴ በነካው ጣሳ መቅዳት ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያፈርሰዋል።

ተረት 3፦ «ጥቁር ቸኮሌት ወተት የለውም»

እውነታው፦ ጥቁር ቸኮሌት በመሠረቱ ካካዎ፣ የካካዎ ቅቤና ስኳር ነው። የካካዎ ቅቤ ስሙ ቅቤ ቢሆንም ከዛፉ ፍሬ የሚወጣ ስብ ስለሆነ ይጾምበታል። ፋብሪካው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መሣሪያ የወተቱንም የጥቁሩንም ቸኮሌት ይሠራል። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ በይዘት ዝርዝራቸው ወተት ካልጠቀሱ 88 ጥቁር ቸኮሌቶች ውስጥ 51ዱ ወተት ተገኝቶባቸዋል። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ «ወተት ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በቁም ነገር መወሰድ አለበት።

የግሉተኑም ነገር እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ በማሸጊያው ላይ ስንዴ በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስን ግን አያስገድድም። ፍርክስክስ ያለ ሩዝ የገባበት ቸኮሌት ውስጥ «ሞልት» የሚል ቃል ካለ፣ ያ የገብስ ብቅል ነው። ለቤት ኬክ ጥሩው ምርጫ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት የካካዎ ዱቄት ነው።

ተረት 4፦ «ያለ ስንዴ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ኬክ አይነፋም»

እውነታው፦ ይህ አባባል የበረታባት ከተማ አጠገብ ነው የምንኖረው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1930 ገደማ ሚኒያፖሊስ በዱቄት ምርት የዓለም መዲና ነበረች፤ ጎልድ ሜዳልና ፒልስበሪ የተባሉት ዱቄቶች የተወለዱት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው። ቤቲ ክሮከር የሚለው የንግድ ስምም እ.ኤ.አ. በ1921 ከዚያው ወጣ። ሆኖም የዚያ ስም ባለቤት ጄነራል ሚልስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከግሉተን ነጻ የኬክና የብራውኒ ዱቄት ለገበያ አቅርቧል።

ግሉተን በእርግጥ የሚፈለገው ለዳቦ ነው። እየተሳበ አየሩን ይይዛል፣ ዳቦውም ከፍ ይላል። በኬክ ግን ጋጋሪዎች ግሉተኑ እንዳይጠነክር ሊጡን ብዙ ከማማሰል ይቆጠባሉ። ኬክን የሚያቆመው በአብዛኛው በሙቀት የሚረጋው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ ጤፍ ሞልቶታል። አየሩን ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ይሰጡታል፤ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አሜሪካውያን እናቶች በኢኮኖሚ ድቀትና በጦርነት ዘመን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲወደድባቸው በዚሁ ዘዴ የቸኮሌት ኬክ ይጋግሩ ነበር። እንቁላሉ የሚሰጠውን መያያዝ ተልባ ይተካል። ውኃ ሲነካው የሚያወጣውን ዝልግልግ በየጾሙ ስንበጠብጠው አይተነዋል።

ተረት 5፦ «ሴሊያክ የፈረንጅ በሽታ ነው»

እውነታው፦ ሴሊያክ ግሉተን ሲበላ የሰውነት መከላከያ የገዛ ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ በዓለም ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ከፍተኛ መጠኖች አንዱ የተገኘው አፍሪካ ውስጥ፣ በሰሐራዊ ሕዝብ ሕፃናት መካከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከ100 ሕፃናት ከ5 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አሳይቷል። እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሮቼስተር ያለው ማዮ ክሊኒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1954 የተቀመጠ የወታደሮችን ደም መርምሮ በሽታው ከዚያ ወዲህ ከአራት እጥፍ በላይ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል።

አገር ቤት በጤፍ ያደገ ሰው እዚህ ሲመጣ ጠዋት ሲሪያል፣ ቀን ሳንድዊች፣ ማታ ፓስታ ይበላል። ተቅማጥ፣ የማይለቅ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ ወይም የልጅ አለማደግ ከታየ ሐኪም ማማከር ይገባል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ ስንዴውን አስቀድሞ ማቆም የደም ምርመራውን ያሳስታል። መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ መተዉ።

ተረት 6፦ «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል?»

እውነታው፦ በእኛ ባህል ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እንቢ ማለትም ነውር ይመስላል። ስለዚህ ከሁሉም የሚከብደው ተረት ይህ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው አንድ ቁራሽ ስንዴ ሲበላ የሚጎዳው አንጀቱ በዓይን አይታይም፤ በዚያች ሰዓት ምንም ላይሰማው ይችላል። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ደግሞ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። ልጁ «አልበላም» ሲል ኩራት ወይም ፈረንጅነት አይደለም። አክስትም ትሁን አያት፣ ልጁን የምትወድ ከሆነ ፍቅሯን የሚገልጸው የእሱን ምግብ ለይታ መሥራቷ ነው።

አሠራሩ

2 የሾርባ ማንኪያ ሳይቆላ የተፈጨ ተልባ በ1¼ ኩባያ (300 ሚሊ ሊትር) ለብ ያለ ቀጭን ቡና ይበጠበጥና 10 ደቂቃ ይቆያል። ቡናው የካካዎውን ጣዕም ያጎላዋል፤ ለሕፃናት ከሆነ በውኃ ይተካ። 1½ ኩባያ (240 ግራም) የጤፍ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ ⅓ ኩባያ ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ½ የሻይ ማንኪያ ጨው በንጹሕ ወንፊት ይነፋሉ። ተልባውና ⅓ ኩባያ የምግብ ዘይት ገብተው ይማሰላሉ። በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨመራል፤ ከብቅል የተሠራ አቼቶ ግን አይሆንም፣ ገብስ ነውና። አቼቶው ከገባ በኋላ መቆየት የለም፤ አየሩ ሳያመልጥ ወዲያው ዘይት ወደተቀባና ወረቀት ወደተነጠፈበት 8 ኢንች መጋገሪያ ይገለበጣል። ቀድሞ በጋለ ኦቨን፣ በ350 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። ስንጥር ተወግቶበት ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ በስሏል። ሳይቀዘቅዝ ከተቆረጠ ይፈረፈራል፤ ጤፉ እስኪረጋ መታገሥ ያስፈልጋል።

ለላዩ 100 ግራም ወተት የሌለው ቸኮሌት ይቀልጥና 4 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ቡና በአንድ ጊዜ ይፈስበታል። በጠብታ ከተጨመረ ቸኮሌቱ ይቋጠራል፤ በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን እየተማሰለ ይለሰልሳል።

ስኳሩ ያው ስኳር ነው፤ «ከግሉተን ነጻ» ማለት «እንደ ልብ የሚበላ» ማለት አይደለም።

ኬኩን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ወደ ልደት ሲወስዱ የገባበትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው አጠገቡ ያስቀምጡ፤ የዱቄቱንና የቸኮሌቱን ማሸጊያም አይጣሉ። የራሱ ቢላ ይኑረው፤ ከድፎ ዳቦውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ያን ጊዜ እናት ሳትጨነቅ ለልጇ ትቆርሳለች፣ ጾመኛውም ሳይጠራጠር ይበላል።