ጠጕር እስከ ትከሻ ወይስ እስከ አገጭ?

ልጃገረድ ጠጕሯን ልታሳጥር ባሰበች ጊዜ በብዙ ቤት ክርክር ይነሣል። እናት «እስከ ትከሻ ይብቃ» ትላለች፤ ልጅ «እስከ አገጭ ይሁን» ትላለች።

ሐዋርያው ጳውሎስ ጠጕር ለሴት ክብሯ መሆኑን አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 11፥15)፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም እውነተኛው ጌጥ የልብ የዋህነት መሆኑን (1ኛ ጴጥ. 3፥3-4)። ስለዚህ የእናት ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ የልጅም ምርጫ እንደ ዓመፅ ሊቈጠር አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ሁለቱም በነጠላ ይሸፈናሉና።

በአገጭ ልክ የተቈረጠ ጠጕር ለማጠብና ለማበጠር ይቀላል፤ ሹሩባ ለመሠራት ግን እምብዛም አይመችም። ከርዳዳ ጠጕር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፥ እርጥብ ሳለ በአገጭ ልክ የተቈረጠው ወደ ጆሮ ይወጣል። እስከ ትከሻ የሆነው ይታሰራል፤ ይጐነጐናል። ሆኖም አጥብቆ መጐንጐን ሥሩን እየሳበ የግንባርን ዳር ሊያራቍት ስለሚችል፥ ላላ ተደርጎ ይሠራ።

ጠጕር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በችኰላ የተቈረጠ 12 ሴንቲ ሜትር የአንድ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሞ እስከ ትከሻ ይቈረጥ እንላለን። ልጅቱ ከጥቂት ወራት በኋላ በሐሳቧ ብትጸና ግን፥ እናት ራሷ ይዛት ወደ ጠጕር ሠሪዋ ትሂድ። የተቈረጠ ጠጕር ይበቅላል፤ በቍጣ የተነገረ ቃል ያቈሰለው ልብ ግን ቶሎ አይሽርም።