ከአማኝ ቤት የተወለደው፣ ገና ያልወሰነው ወጣት፦ የወጣቶች አገልግሎታችንን እንደገና ማሰብ

በአጥቢያችሁ የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ካሉት መካከል ክርስቶስን በገዛ ፈቃዳቸው ለመከተል የወሰኑት ስንቶቹ ናቸው? ይህን ጥያቄ የአባላት መዝገብ አይመልሰውም። ከመዘምራን ጋር የሚቆም፣ ሲጸለይ ዓይኑን የሚጨፍን፣ «አሜን» ሲባል «አሜን» የሚል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በልቡ ገና ምንም ያልወሰነ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ልጅ ነው።

በመጀመሪያ ከየት እንደመጣን እናስታውስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በናዝሬትና በአዲስ አበባ የተነሣው መነቃቃት በአብዛኛው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወንጌልን የተቀበሉት የቤተሰብና የአካባቢ ተቃውሞ እያለ ነው። ዋጋው ራሱ ውሳኔን ያስገድድ ነበር። መዝሙር፣ ኮንፈረንስና የንስሐ ጥሪ ያለበት የዛሬው አገልግሎታችን ቅርጹን የወረሰው ከዚያ ዘመን ነው፤ በውጭ ያለውን ወደ ውስጥ ለመጥራት ተስማሚ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 10.2 በመቶ የነበረው ፕሮቴስታንት፣ በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት የተመሠረቱ አማኝ ቤተሰቦች ልጆች ወልደዋል። ልጆቹ የሚተዉት የቀድሞ እምነት የለም፤ የንስሐ ጥሪውንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ አንዳንዶቹ በየኮንፈረንሱ እጃቸውን አንሥተዋል። ስለዚህ የተነሡ እጆችን መቁጠር ስለ እነርሱ ብዙ አይነግረንም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ችግር ያውቀዋል። በመሳፍንት 2፥10 የምናገኘው ትውልድ የተወለደው በእግዚአብሔር ሕዝብ መካከል ነበር፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን አላወቀም። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 ደግሞ እምነት ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲደርስ እናያለን። ጳውሎስ ግን በአያትየዋና በእናትየዋ እምነት ብቻ አይረካም፤ እምነቱ በጢሞቴዎስ በራሱ እንዳለ መረዳቱን ይናገራል። እምነት በሰው በኩል ይተላለፋል፤ ይሁን እንጂ ውርስ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጎሮን አስቡ። በባሌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመናንም አሉ፤ ወንጌላውያን ጥቂቶች ናቸው። እንዲህ ባለ ከተማ የአማኝ ልጅ በክፍል ውስጥ አብረውት ከሚቀመጡት ጓደኞቹ ስለ ሥላሴና ስለ ስቅለት መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ያልተማረ ልጅ ወይ ዝም ይላል ወይ ይቆጣል፤ በውስጡ ግን ጥያቄው የራሱ ይሆናል። እኛ ደግሞ ጥያቄውን እንደ ክሕደት ከቆጠርንበት፣ መደበቅን እናስተምረዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ አገልግሎት መስጠትን ከእምነት ለዩ። ድምፁ መልካም ስለሆነ ብቻ ልጁን ወደ መድረክ ማውጣት፣ እኩዮቹ ስለተጠመቁ እርሱንም ማጥመቅ፣ ያልወሰነውን እንደወሰነ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ኋላ «አላምንም» ለማለት ሲፈልግ የሚናገርበት ቦታ ያጣል።

ሁለተኛ፣ በሚያስብበት ቋንቋ አነጋግሩት። በትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ፣ በአማርኛ የሚሰበከውን ሰምቶ ሊረዳ ይችላል፤ ጥርጣሬውን ግን በዚያው ቋንቋ ላይገልጸው ይችላል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ታትሟል። ከመቶ ዓመት በላይ በእጃችን ያለውን ጸጋ ለወጣቶቻችን ልንነፍጋቸው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከትልቁ ስብሰባ ይልቅ ትንሹን ቡድን አስቀድሙ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል አባላት ነበሯት። ሕንፃም መድረክም ሳይኖራት በየቤቱ በተሰበሰቡ ጥቂት ጥቂት ሰዎች ቆየች፤ ነጻነት ሲመለስ ቁጥሯ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። አንድ የበሰለ አማኝ ከአራት ወይም ከአምስት ወጣቶች ጋር ቡና እየጠጣ ወንጌልን ቢያነብ፣ በአዳራሽ የማይነሡ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ወላጆችም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም፤ ዘዳግም 6 ትእዛዙን የሚሰጠው አስቀድሞ ለእነርሱ ነው።

«ጥርጣሬን ብንፈቅድ ደካሞቹ አይሰናከሉምን?» የሚል አይጠፋም። ቶማስ ጥርጣሬውን የተናገረው በደቀ መዛሙርት መካከል ነው፤ ጌታም የመጣለት በዚያው ነው። ሀብታሙንም ሰው ኢየሱስ እየወደደው ዋጋውን ሳይቀንስለት ነገረው፤ ሲሄድም አላስገደደውም (ማርቆስ 10፥21-22)። እውነተኛ «እሺ» የሚገኘው «እምቢ» ማለት በሚቻልበት ቦታ ነው።

በዚህ ወር ከወጣቶቻችሁ አንዱን ብቻችሁን አግኙት። አትስበኩለት። የማያምንበትን ነገር ጠይቁትና እስኪጨርስ ስሙት። ከዚያ በኋላ የምታስተምሩት ትምህርት እርሱ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይሆናል።