«ሞተር ታርጋ አያስፈልገውም» ያላችሁ ማነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ሞተር ሳይክል ነው፡፡ ሞተርም ግን እንደ ፍቅር ነው፤ ሳያጣሩ ከገቡበት ያስለቅሳል፡፡

ከካፋ ዞን፣ ከቢታ ገነት አንድ ወዳጄ ደውሎ ነበር፡፡ ታናሽ ወንድሙ ቡና ሸጦ እጁ ላይ ብር ገብቷል፤ ታርጋ የሌለው ሞተርም በርካሽ አግኝቷል፡፡ ሻጩ የሕግ ምክር መርቆለታል፡፡ «ልጁ እኔን አልሰማ አለ፣ እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ፡፡ ምክሩን ሰማሁት፤ አዲስ አበባም ሻይ ቤት ውስጥ የማይጠፋ ወሬ ነው፡፡

አንደኛው፣ «ታርጋ ለመኪና ነው፣ ለሞተር አይደለም» የሚለው ነው፡፡ ውሸት! በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ሞተርንም ይጨምራል፡፡ ሳይመዘገብ፣ ታርጋ ሳይለጠፍበት መንገድ አይወጣም፡፡

ሁለተኛው፣ «እሱ የአዲስ አበባ ሕግ ነው» ይላል፡፡ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል፡፡ በሰኔ 2011 ዓ.ም መጨረሻ በሞተር ላይ የተጣለው ገደብ አዎ፣ የአዲስ አበባ ከተማ ነበር፡፡ አዋጁ ግን የፌዴራል ነው፤ ቦሌም ቦንጋም ቢታ ገነትም ያው ነው፡፡

ሦስተኛው፣ «የመንደር ውል ከነምስክሩ አለኝ፣ ውክልናም ይሰጠኛል፣ ስም ማዛወር ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው፡፡ ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም፡፡ ወካዩ ሲያሻው ይሽረዋል፤ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ይቋረጣል፡፡ ያኔ ከወራሾች ጋር ሙግት ነው፡፡

ይሄ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም፡፡ አሜሪካ ውስጥ «እየተጓዝኩ እንጂ እየነዳሁ ስላልሆነ መንጃ ፈቃድም ታርጋም አያስፈልገኝም» ብለው ከፖሊስ የሚሟገቱ አሉ፡፡ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ውድቅ አድርገውባቸዋል፡፡ እኛም ጋ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 81 «ሕጉን አላወቅኩም» ማለትን መከላከያ አያደርገውም፡፡

ቅጣቱስ እሺ፣ ይከፈላል እንበል፡፡ ትልቁ ነገር ሰው የተገጨ ዕለት ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ያለፈቃድ ቢነዳው እንኳ! በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ያደረገውም ለዚሁ ነው፡፡ ታርጋና ሊብሬ ለሌለው ሞተር ግን ማን መድን ይገባለታል? ካሳው ከቡናው፣ ከከብቱ፣ ከአባት ቤት ሊወጣ ነው፡፡ ሻጭም ብትሆኑ አትዝናኑ፤ ሊብሬው በስማችሁ ካለ መጀመሪያ የሚጠሩት እናንተን ነው፡፡

ለወዳጄ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው፡፡ ሊብሬውን ጠይቁ፡፡ ታርጋ ከሌለው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አምጣ በሉት፤ ያ ከሌለ ኮንትሮባንድ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩም ብሩም ይሄዳል፡፡ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፡፡ ውሉን ውልና ማስረጃ አስጸድቁ፣ ትራንስፖርት ቢሮ አብራችሁ ሄዳችሁ ስሙን አዛውሩ፡፡ መንጃ ፈቃድም አውጡ፡፡

ሻጩ «ይሄ ሁሉ ለምን?» ብሎ ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው፡፡ የሞተሩ ዋጋ የቀነሰው ወረቀቱ ስለጎደለ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ በኋላ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፡፡