ቤት ሸጦ ቤት መፈለግ፦ በመሐል የሚቀረው ገንዘብ የማን ነው?

በአዲስ አበባ የቤት ገበያ የተለመደ አካሄድ አለ። ባለቤቱ ያለውን ቤት ለመለወጥ ያስባል። ወይ ግቢው ጠቦታል፣ ወይ ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ሰፍቶበታል፣ ወይም ከቤቱ ዋጋ ከፊሉን አውጥቶ ንግዱን ማጠናከር ይፈልጋል። ለደላላ ይናገራል። ገዢ ቶሎ ይገኛል፤ ዋጋውም ደህና ነው። ባለቤቱ «ገንዘብ ከያዝኩ ቤት አይጠፋም» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ግን ወራት ይቆጠራሉ። ያየው ሁሉ ወይ ካርታው አልጠራም፣ ወይ ዋጋው እሱ ከሸጠበት በላይ ሆኗል። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ባለቤቱ ተከራይ ይሆናል።

ይህ አካሄድ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ በገበያው ላይ ጉልበት አለው። ሻጮች «ቤቴን ሸጬ እከፍላለሁ» ከሚል ሰው ይልቅ ቼክ ይዞ ለሚመጣ ዋጋ ዝቅ ያደርጋሉ። ጥያቄው ይህ ጉልበት በመሐል የሚጠፋውን ገንዘብ ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው። መልሱ በስሌት ይገኛል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ10 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። ባለቤቱ የሚፈልገው ቤትም በዚያው ዕለት 10 ሚሊዮን ብር ያወጣል። የደላላ ክፍያ በልማድ እንደሚታወቀው ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ ይሁን። በስም ዝውውር ወቅት የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 የተቀመጠው 2 በመቶ ነው፤ ይህን ገዢው እንደሚከፍል እንውሰድ። ሌሎቹን የማዘጋጃ ቤት ክፍያዎች ለጊዜው እንተዋቸው።

ሽያጩና ግዢው በአንድ ቀን ቢፈጸሙ ሻጩ ከደላላ በኋላ 9.8 ሚሊዮን ብር በእጁ ይቀረዋል። አዲሱን ቤት ለመያዝ ደግሞ ለደላላና ለቀረጥ 400 ሺህ ብር ተጨምሮ 10.4 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። ጉድለቱ 600 ሺህ ብር ነው። ይህ ቤት የመለወጥ ዋጋ ነው፤ ማንም አያመልጠውም።

አሁን ባለቤቱ ስድስት ወር ቆየ እንበል። ገንዘቡን በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስቀምጥ በስድስት ወር 343 ሺህ ብር ያገኛል። በወር 30 ሺህ ብር ቢከራይ 180 ሺህ ያወጣል። በእጁ ያለው 9 ሚሊዮን 963 ሺህ ብር ይሆናል። በእነዚህ ስድስት ወራት የቤት ዋጋ 10 በመቶ ቢጨምር የሚፈልገው ቤት 11 ሚሊዮን ይገባል፤ ከደላላና ከቀረጥ ጋር 11 ሚሊዮን 440 ሺህ ብር ነው። ጉድለቱ 1 ሚሊዮን 477 ሺህ ሆነ። መቆየቱ ብቻውን 877 ሺህ ብር አስከፈለው ማለት ነው።

ዋጋው ባይነቃነቅስ? ጉድለቱ 437 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ወለዱ ኪራዩን ሸፍኖ 163 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ልዩነቱን የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው። በዚህ ምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ የቤት ዋጋ ከ1.6 በመቶ ገደማ በላይ ከጨመረ የቆየው ይከስራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ያተርፋል። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ዋጋ፣ የራሱን ኪራይና የራሱን ወለድ አስገብቶ ይህን ቁጥር ሳያወጣ መፈረም የለበትም። የሚገምተው የዋጋ ጭማሪ ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ቀድሞ መሸጥ ቁማር ነው።

ብር ሲቀመጥ

ይህን ስሌት በኢትዮጵያ ከባድ የሚያደርገው የብር ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው በርካታ ወራት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን በቁጠባ ደብተር ያስቀመጠ ሰው፣ ወለድ እየተጨመረለትም የመግዛት አቅሙ እየቀለጠ ነበር።

ከዚያ የባሰው በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከዚያ በፊት በባንክ ከ57 እስከ 58 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብረቱ፣ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ ሊፍቱ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ አዲስ ቤት የመሥራት ወጪ ከዶላሩ ጋር ይሄዳል። የቆመ ቤት ያለው ባለቤትም ዋጋውን የሚተምነው «ዛሬ ብሠራው ስንት ይፈጅ ነበር» በሚለው ነው። በሰኔ 2016 ሸጦ በመስከረም 2017 ለመግዛት ያሰበ ሰው የያዘው ብር ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ያው አልነበረም።

በእርግጥ የዚህ ዓይነት ለውጥ በየዓመቱ አይመጣም። ሲመጣ ግን ቀድሞ አይነገርም። ስለዚህ ገንዘቡ በመሐል የግድ የሚቀመጥ ከሆነ ተራ የቁጠባ ሒሳብ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከፍ ላለ ገንዘብ ባንኮች በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላይ ለድርድር ክፍት ናቸው፤ የሦስትና የስድስት ወር ወለዱን ሁለት ሦስት ባንክ ዞሮ መጠየቅ ይገባል። ገደቡ ሳይደርስ ቤት ቢገኝ ወለዱ ምን እንደሚሆንም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ነጋዴው ዘንድ የሚታየው ሌላ አደጋ ገንዘቡ ወደ ንግድ መግባቱ ነው። «እስከዚያው ዕቃ ላምጣበት» ይባላል። ዕቃው ወደብ ላይ ይዘገያል ወይም በዱቤ ይበተናል። ቤቱ ሲገኝ ገንዘቡ የለም። የቤት ገንዘብና የንግድ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ከተቀመጡ ሁለቱም አይገኙም።

ቀድሞ መግዛትስ?

ተቃራኒው መንገድ መጀመሪያ ገዝቶ ኋላ መሸጥ ነው። ይህ የዋጋ ጭማሪን ይከላከላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በሌሎች አገሮች ለዚህ የሚሆን የአጭር ጊዜ ብድር ባንኮች ይሰጣሉ፤ አሮጌው ቤት ሲሸጥ ብድሩ ይዘጋል። እዚህ ግን ለቤት ብድር ተብሎ የቆመው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል፤ የመጀመሪያው የግል የቤቶች ባንክ የሆነው ጎህ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን የቤት ፈላጊው ወረፋ ረዘመ። ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢደረግም ባንክ ቀድሞ የሚያስተናግደው የቆየ ደንበኛውን ነው።

ኦቨርድራፍት ያለው ነጋዴ በእሱ ተጠቅሞ ለመግዛት ይፈተናል። አሮጌው ቤት በሁለት ወር ከተሸጠ ጥሩ ነው። ሳይሸጥ ዓመት ከቆየ ግን ወለዱ ሽያጩን ያስቸኩለዋል፤ የተቸገረ ሻጭ ደግሞ በደላላ ፊት ወዲያው ይታወቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

ሁለት ቀብድ፣ አንድ ኪስ

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፤ ከገዢው ቀብድ ተቀብሎ ለሚገዛው ቤት ቀብድ መስጠት። ሕጉን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል።

ሻጩ 2 ሚሊዮን ብር ቀብድ ተቀብሎ ለሚገዛው ቤት 500 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። የዚያኛው ቤት ባለቤት ሐሳቡን ቢለውጥ 1 ሚሊዮን ብር ይመልስለታል፤ ትርፉ 500 ሺህ ነው። የገዛ ቤቱን ላለመልቀቅ ግን 4 ሚሊዮን ብር መመለስ አለበት፤ ከኪሱ የሚወጣው 2 ሚሊዮን ነው። በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ብር ይጎዳል፤ ይህን ካልቻለ ቤቱን ለቆ ይወጣል። ሁለቱ ቀብዶች እኩል ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሌላውን ያጣፋው ነበር። ትልቅ ቀብድ መቀበል ደስ ያሰኛል፤ በሌላ በኩል ግን እግር ብረት ነው።

ቀኖቹም መገጣጠም አለባቸው። ለአዲሱ ቤት የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ከገዢው ገንዘብ ከሚገባበት ቀን ቢያንስ በጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ቢጻፍ ይመረጣል። ገዢው ራሱ የባንክ ብድር ወይም የሌላ ቤት ሽያጭ የሚጠብቅ ከሆነ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። ውሉ ላይ የተሰጠው ገንዘብ «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መፈጸም እንዳለበትም ሕጉ ይደነግጋል፤ ደላላ ቢሮ ወይም ካፌ ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ ወረቀት ውልና ማስረጃ ቀርቦ የተመዘገበውን አይተካም።

የት ይኖራል?

ቀድሞ የሸጠ ሰው ተከራይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ለቋሚ ተከራይ ጥበቃ ነው፤ ለሦስት ወር መጠለያ ለሚፈልግ ሰው ግን አከራይ ማግኘትን ከባድ ያደርጋል።

ስለዚህ ርካሹ መጠለያ የተሸጠው ቤት ራሱ ነው። ስሙ ተዛውሮ አብዛኛው ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ሻጩ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር እዚያው እንዲቆይ፣ ገዢውም ከዋጋው የተወሰነውን እስከ ርክክብ እንዲይዝ መስማማት ይቻላል። የሚለቅበት ቀን፣ ቢዘገይ በቀን የሚከፍለው ቅጣት፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ሁሉ ይጻፍ። ገዢው ለዚህ ጥቂት ዋጋ ቢቀንስም ከኪራይና ከሁለት ጊዜ ጓዝ ማጓጓዝ ጋር ማወዳደር ነው።

የተሸጠው ቤትና የሚገዛው ቤት እኩል አይደሉም

ብዙዎች የሚዘነጉት የይዞታውን ዓይነት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ደንግጓል። ነባር ይዞታ ያለው ሰው ሸጦ ሌላ ነባር ይዞታ ሲገዛ ነባርነቱ አብሮት አይሄድም። የሊዙ ክፍያ ስንት እንደሚመጣ ከመዋዋሉ በፊት ከክፍለ ከተማው መጠየቅ ይገባል።

ግብሩም እንዲሁ ነው። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ጥሏል። ቤቱ መኖሪያ ብቻ ነበር ወይስ ከፊሉ ሱቅ ወይም ቢሮ ሆኖ ተከራይቷል የሚለው ለውጥ ስለሚያመጣ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ይጣራ። ባለትዳር ከሆኑም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ይህ በሻጭነትም በገዢነትም ይሠራል።

በሚገዛው ቤት በኩል ካርታው፣ የዕዳና የእገዳ ማስረጃው፣ የከተማው ፕላን ሳይታዩ ቀብድ አይሰጥም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ የታየው መልሶ ማልማት፣ ሰፈሩ ምን እንደታሰበለት መጠየቅ ትርፍ ጥንቃቄ አለመሆኑን አሳይቷል። ዕጣ የወጣበት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ማለፉ ይረጋገጥ። በውክልና ብቻ የተያዘ ቤት ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር፣ ቢሞትም ውክልናው ሊቋረጥ የሚችል ነው።

ማን ቀድሞ ይሽጥ?

ቀድሞ መሸጥ የሚያዋጣቸው አሉ። ቤታቸው ገዢ የሚመርጠው ትልቅ ቪላ የሆነ፣ ወራሾች የሚካፈሉት፣ ወለድ የሚበላው ዕዳ ያለባቸው፣ ወይም ከመሐል ከተማ ወጥተው ብዙ ቤት ለሽያጭ ወደሚቀርብበት አካባቢ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድም ትርፍ ገንዘብ ስለሚኖረው ዋጋ ቢጨምር አይወድቅም። ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚወጣ ግን እያንዳንዱ የጭማሪ ወር ጉድለቱን ያሰፋበታል፤ ቢያንስ ሦስት የተጣሩ ቤቶች በእጁ ሳይዝ መፈረም አይገባውም።

ደላላው በሽያጩም በግዢውም ድርሻውን ስለሚያገኝ «ሽጥ፣ ቤት አይጠፋም» ማለቱ አያስደንቅም። ቤት በእርግጥ አይጠፋም። የሚጠፋው በዚያው ገንዘብ የሚገዛው ቤት ነው።