ከቆቃ ውኃ በታች የቀሩ መቃብሮች

የቆቃ ግድብ ከአዳማ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የሚያመነጨው ኃይል 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ዛሬ ላለ አንባቢ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን አገሪቱ ከዚያ በፊት ከሠራቻቸው የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከጀርባው የተኛው ውኃ በንጉሡ ዘመን ገሊላ ሐይቅ የሚል ስም ቢወጣለትም፣ በሕዝብ አፍ የጸናው ቆቃ የሚለው ነው። ሲሞላ 180 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ሲገደብ የመያዝ አቅሙ 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተሰልቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ውኃ የተኛው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። አዋሽ ከጊንጪ ተራሮች ተነሥቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ በመልካ ቁንጡሬ አልፎ ቆቃ ሲደርስ ይሰፋል፤ ከሰሜን የሞጆ ወንዝ ይገባበታል። ክረምት ሲወጣ ወንዙ የተወው እርጥብ ሜዳ በበጋ ለከብት ግጦሽ፣ ለሰውም እርሻ ይሆን ነበር። በስምጥ ሸለቆ ደረቅ ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የአገር እምብርት ነው። የጅሌ ኦሮሞ ከብት የሚወርድበት፣ ሰው የሚሰፍርበት፣ የሞተም የሚቀበርበት ይኸው የወንዝ ዳር ነበር። ሰው ለትውልድ በኖረበት ሸለቆ ውስጥ ቤት ያለ መቃብር አይገኝም፤ ሸለቆው ሲሞላ የተነሣው ሕያው ነው፣ ሙት ግን ከነቦታው ቀረ።

ግድቡ የተሠራበት ገንዘብ ራሱ ከሙታን ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር። ክፍያው ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረሰ ስምምነት ካሳው ተቀንሶ ከፊሉ በቆቃ ግድብ ሥራ እንዲታሰብ ተደረገ። በኦሮሞ ባህል የፈሰሰ ደም በጉማ ይታረቃል፤ ጉማው የሚከፈለውም ለሟች ወገን ነው። በቆቃ ያገሪቱ ጉማ ወደ ኮንክሪትና ተርባይን ተለወጠ፤ የሌሎች ሙታን አፈር ላይም አረፈ። በመንግሥት ሒሳብ በኩል ነገሩ የሚያስነቅፍ አልነበረም፦ መብራት ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ውኃ አገኘ። ቀጥሎም በመልካሳ አካባቢ አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የተባሉት ማመንጫዎች በዚሁ በተስተካከለ ውኃ ላይ ተሠሩ።

መቃብሮቹ ለምን ሳይቆጠሩ እንደቀሩ ለመረዳት የዘመኑን የመሬት ሕግ መመልከት ይበቃል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ላይ ደንን፣ የግጦሽ መሬትን፣ ወንዝንና ሐይቅን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ደንግጓል። አርብቶ አደር የሚኖርበት መሬት በሕጉ ዓይን ባለቤቱ መንግሥት ነው ማለት ነው። ባለርስት ቢሆን ካሳ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ከብት አርቢ ግን የሚጠይቅበት ደብተር አልነበረውም። የእርሱ ማስረጃ ሌላ ነበር፦ አያቱ የተቀበረበትን ቦታ በጣቱ ማሳየት። በከብት አርቢ ማኅበረሰብ ዘንድ ጎሳ ከጎሳ በግጦሽ ሲካሰስ ሽማግሌ ከሚያደምጣቸው ማስረጃዎች አንዱ ማን የት ተቀበረ የሚለው ነው። እንግዲህ መቃብሩ በውኃ ሲዋጥ የጠፋው የሐዘን ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ ማኅበረሰቡ ይህ አገሬ ነው የሚልበት የድንጋይ ሰነድም ነበር። የመሬት ቀያሽ ካርታ ላይ ይህ ዓይነት ሰነድ ምልክት የለውም።

በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል መቃብር አንድ ዓይነት አይደለም፤ መነሣት ሲመጣ ችግሩም እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

የሙስሊም መቃብር በአብዛኛው ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ አፈር ነው፤ በራስጌና በግርጌ ድንጋይ ይቆማል። በእስልምና መቃብርን መገንባትና ማስዋብ አይወደድም፤ ከተቀበረ በኋላ አጽምን ማውጣትም የግድ የሚያሰኝ ችግር ካልመጣ በቀር አይፈቀድም። ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለውን መቃብር ከተራ መሬት የሚለየው የቀባሪው ቤተሰብ ትዝታ ነው። ቤተሰቡ ከሸለቆው ሲበተን ምልክቱም አብሮ ይበተናል።

የኦርቶዶክስ ክርስቲያን መቃብር ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ይህ ለመነሣት ያመቻል፤ ደብሩ ራሱ ተጠያቂና ተደራዳሪ ይሆናልና። አጽም ማፍለስም በቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ ነገር አይደለም፦ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን ይከበራል። ታቦት ሲነሣ ካህናት ይቀድማሉ፣ ጸሎት ይደረጋል፣ አዲስ ቦታ ይባረካል። ሥርዓቱ የታወቀ ስለሆነ ወጪውም ሊገመት ይችላል። አንድ ተራ ምእመን የተቀበረበት፣ ከላዩ ሌላ የተቀበረበት፣ ዘመድ የሌለው መቃብር ሲሆን ግን የደብሩም መዝገብ አይረዳም።

በአርሲ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌና ወደ ዶዶላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ተጓዥ ከመንገዱ ዳር በደማቅ ቀለም የተሳሉ መቃብሮችን ያያል፦ ፈረስ የተቀመጠ ጦረኛ፣ አንበሳ፣ ጋሻና ጦር። እዚህ መቃብር ሊታይ የተሠራ ነው፤ የሟቹን ጀግንነት ለአላፊ አግዳሚ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ሐውልት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይቻላል፤ ከመንገድ ዳር ርቆ ጓሮ ውስጥ ቢተከል ግን ሥራው ቀርቷል።

አራተኛው ዓይነት ወገን ነኝ የሚል ሰው የሌለው ጥንታዊ መቃብር ነው። ከአዋሽ በስተደቡብ ትክል ድንጋዮች በብዛት ይገኛሉ፤ የታወቀው በጉራጌ ሶዶ የሚገኘው ጢያ ሲሆን በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጢያ የተደረገው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች መኖራቸውን አሳይቷል። በምሥራቅ በጨርጨር ደጋ ደግሞ ሰው ሠራሽ የድንጋይ ጉብታዎች አሉ፤ የአካባቢው ሕዝብ ዳጋ ቱሊ ይላቸዋል። እነዚህን የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ዛሬ የሚኖረው ሕዝብ በዘር ቆጥሮ አይናገርም። ስለዚህም የድንጋይ ክምር ለመንገድ ወይም ለአጥር ሲፈለግ የሚከለክል ጎረቤት አይኖርም። ከአራቱ ይበልጥ ተጋላጭ የሆነው ይህ ነው፤ ልጅ የሌለው ሟች ነውና።

ቆቃ በተመረቀበት ዓመት በዓባይ ተፋሰስ ታችኛው ጫፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ ይካሄድ ነበር። ዩኔስኮ የኑቢያን ቅርሶች ከአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ ለማዳን ዓለም አቀፍ ዘመቻ የጀመረው መጋቢት 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በግብፅ ለግድብ ተብሎ መቃብር መቆፈር ግን ልምዱ ይበልጥ የቆየ ነበር፦ የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ከፍ እንዲል ሲወሰን፣ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ጆርጅ ራይዝነር የመራው ቅኝት በሺህ የሚቆጠሩ ጥንታዊ መቃብሮችን ቆፍሮ መዝግቧል። የሚገርመው ግን ማን ተመዘገበ የሚለው ነው። የፈርዖን ዘመን አጽም ተለክቶ፣ ተሥሎ ሙዚየም ሲገባ፣ የቅርብ ዘመን ሟች እዚያው ቀረ። በታላቁ ግድብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1964 ከዋዲ ሃልፋ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ የተወሰዱት የሱዳን ኑቢያውያን ባቡር ከመሳፈራቸው በፊት የዘመዶቻቸውን መቃብር እየዞሩ ተሰናብተዋል። አዲሱ ሰፈራቸው ያረፈው በአትባራ ወንዝ ላይ ነው፤ ማለትም የኛው ተከዜ ውኃ በሚደርስበት።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ለቦስተን ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲባል ኳቢን የተባለ ማጠራቀሚያ ሲሠራ አራት ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ከመዝገብ ተሰርዘዋል። ከዚያ በፊት ግን ከ7,500 በላይ አጽሞች አንድ በአንድ ተቆጥረው ለዚሁ ወደተዘጋጀ መካነ መቃብር ተዛውረዋል። ቴክኒኩ አስቸጋሪ ስላልሆነ ሳይሆን መዝገብ ስለነበረ ነው የተቻለው። በሰሜን ካሮላይና የፎንታና ግድብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጣጣ አመጣ፦ መቃብሮቹ ውኃ ውስጥ አልገቡም፤ ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ ነው የገባው። መንግሥት መንገድ እሠራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ስላላጠናቀቀው፣ ዘመዶች እስከ ዛሬ በጀልባ እየተሻገሩ ነው መቃብር የሚጠርጉት። ይህ ነጥብ ለቆቃ ዳርቻም ይሠራል፤ ውኃው ያልደረሰበት ጉብታ ላይ ያለ መቃብር ቢተርፍ እንኳ፣ ባለቤቱ ከሰፈረበት ወዲያ ማዶ ከቀረ ግማሽ ጎኑ ጠፍቷል።

በኢትዮጵያ መቃብር በካሳ ሕግ ውስጥ በግልጽ ስሙ የተጠራው ቆቃ ከተመረቀ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለጥንታዊዎቹ ከለላ ሰጠ፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና አዘዘ። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ የመሬት ይዞታን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 135/1999 ለመቃብር ቦታ ካሳ እንዴት እንደሚሰላ ወሰነ። ስሌቱ የመቃብር ድንጋዩን ማንሻ፣ ሌላ የመቃብር ቦታ ማዘጋጃ፣ አጽሙን ማዛወሪያና ማሳረፊያ፣ እንዲሁም የሃይማኖትና የባህል ሥርዓት ማስፈጸሚያ ወጪን ያጠቃልል ነበር።

ደንቡ የታሰበበት ነበር፤ በተለይ የሥርዓቱን ወጪ መቁጠሩ። ድንጋይና ባለቤት ያለውን መቃብር ግን እንደ መነሻ ይወስድ ነበር። ለደብር ቅጥር ግቢ ይመች ነበር፤ ለአርሲው ሥዕል ሐውልትም ይሆን ነበር። አርብቶ አደር በፍልሰት መንገዱ ላይ ቀብሮ ላለፈው ሕፃን ግን የሚነሣ ድንጋይ የለም፤ ገማቹም ሲመጣ ቤተሰቡ ሌላ ግጦሽ ላይ ሊሆን ይችላል። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ጨምሯል፤ የማይነሣ መቃብር ጥሎ መሄድ ከሁለቱም ጋር ይዛመዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ከሚጠቀሙበት መሬት ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1948ቱ አንቀጽ 130 አጠገብ ቢቀመጥ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የዓለም ባንክም ቢሆን ያለፈቃድ ስለሚነሡ ሰዎች የመጀመሪያ መመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ስለሆነ፣ የቆቃ መሐንዲሶች የጣሱት ደንብ ነበር ለማለት አይቻልም፤ የሚጣስ ደንብ አልነበረም።

አንዳንድ ውኃ ደግሞ ያለ አዋጅ ይመጣል። ከአዳማ በስተምሥራቅ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውኃና የአካባቢውን የመሬት ውስጥ ፍልውኃ ያነሣሉ። ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት አውራ ጎዳናና የባቡር መስመር በተደጋጋሚ ከፍ እንዲሉ ተገደዋል፤ ጨዋማው ውኃ የከረዩን ግጦሽ ወስዷል፤ ትርፉም በቦይ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል። ግድብ አሠሪ አለው፤ የመልቀቂያ ቀንም ይቆረጥለታል። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየገፋ የሚመጣ ሐይቅ ግን የግንባታ ፈቃድ ስለማይጠይቅ የተፅዕኖ ግምገማም አይቀድመውም። ከዳርቻው ያለ መቃብር የሚተርፈው ዘመድ ቀድሞ ከደረሰለት ነው።

ውኃ ውስጥ የገባ መቃብር ራሱ ምን ይሆናል? ዕጣው እንደ ጥልቀቱ ነው። የቆቃ ከፍታ ክረምት ሲወጣ ይሞላል፤ በበጋ ለኤሌክትሪክና ለመስኖ ሲለቀቅ በብዙ ሜትር ይወርዳል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ዳርቻ በየዓመቱ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ማዕበልም አፈሩን ይገፋዋል። እዚህ ያለ መቃብር ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ጥቁር አፈር ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ሊያለማበት ይወርዳል፣ ከብትም ይሰማራበታል። ጥልቁ ውስጥ ያለው ግን ከማዕበልም ከማረሻም ይድናል። በላዩ የሚከመረው ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ ተፋሰስ የሚመጣ ደለል ነው። ማጠራቀሚያው በመጀመሪያዎቹ አርባ ዓመታት ከመያዝ አቅሙ ከአንድ አራተኛ በላይ ያጣው በዚሁ ደለል ነው፤ ግድቡ አንድ ቀን አገልግሎቱን ጨርሶ ውኃው ቢለቀቅ እንኳ የሚወጣው የድሮው የጅሌ ሜዳ ሳይሆን፣ በሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ያለው የአዋሽ ጭቃ ይሆናል።