የጦስኝ ሽታ ሲመረመር

ከመንዝ፣ ከግሼና ከራቤል ደጋ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በጨርቅ ቋጥሮ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ጦስኝ ነው። ሻይ ላይ ይጨመራል፣ ሽሮና ወጥ ያጣፍጣል፣ ጉንፋን ለያዘውም ይፈላለታል። ደጋ ዘመድ የሌላት እናት ደግሞ ከቅመም ተራ በእፍኝ ገዝታ ጓዳዋ ታኖራለች። ይሁን እንጂ ያ ሽታ ከምን እንደሚመጣና ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

የዕፅዋት ሊቃውንት በአገራችን ደጋ የሚበቅለውን አንዱን የጦስኝ ዓይነት ታይመስ ሺምፔሪ ይሉታል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣውና ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ከሞተው ጀርመናዊ፣ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ለመንዝ እናቶች ግን እርሱ ከመምጣቱ በፊትም ጦስኝ ጦስኝ ነበር።

ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች የተቋጠረ፣ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። አወጣጡ አረቄ ከማውጣት ብዙም አይለይም፤ እንፋሎት በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል፣ ዘይቱን ይዞ በቧንቧ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል የሚገኘው ከ1 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። በዚህ ዘይት ውስጥ ዋነኞቹ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ውሁዶች ናቸው። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክሲጅን አላቸው፤ ልዩነታቸው ኦክሲጅኑ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። እንደ በቀለበት ስፍራው አንዱ ጦስኝ ታይሞል፣ ሌላው ካርቫክሮል ይበዛበታል። ታይሞል ተሕዋስያንን ስለሚያዳክም በአንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገኛል።

ሌላው ሙያቸው ፀረ ኦክሲዳንትነት ነው። ነገሩ ቅቤ ስናነጥር በእጃችን ያለ ነው። ቅቤ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው አንዱ የስብ ቅንጣት ይጎዳል፤ የተጎዳው ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ጎረቤቱም ከሚቀጥለው ይነጥቃል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ሄዶ ቅቤው ይከረፋል። ታይሞልና ካርቫክሮል የራሳቸውን ሃይድሮጅን ሰጥተው ቅብብሉን ያቋርጡታል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ውኃውን አትንነው ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ የሚጨምሩት ለመዓዛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ቅቤው ሳይበላሽ መክረሙ ግን የውኃው መውጣትም የቅመሙም ሥራ ነው። ሙያቸውን ላቦራቶሪው ዘግይቶ ደረሰበት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ ዘይቱ የሚተን ከሆነ አያያዛችን መታረም አለበት። ጦስኝ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያም በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል። ለሻይ ሲሆን የፈላ ውኃ አፍስሶበት ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ከድኖ መተው ይበቃል። ክዳን በሌለው ጀበና ሲንተከተክ ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከስኒው የሚጎድለው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። በብልቃጥ ውስጥ ፀረ ኦክሲዳንት ሆኖ መገኘትና ሰውን መፈወስ አንድ አይደሉም። ብዙ እናቶች ጦስኝን ለደም ግፊት ይጠጣሉ፤ መጠጣቱ ባልከፋ፣ የሚያሳስበው ግን ሻዩን ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ማቆም ነው። ደም ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ድንገት አንጎልን ወይም ልብን ይመታል። ክኒን የምትወስድ እናት ጦስኝ መጠጣቷን ለሐኪሟ ትንገር። ተጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጠውም ዘይት እንደ ቅጠሉ የሚታይ አይደለም፤ ብዙ እፍኝ ቅጠል በጥቂት ጠብታ ውስጥ ስለሚሰበሰብ አይጠጣም፣ ሕፃን አፍንጫ ሥርም አይቀባም። ጤና አዳም ደግሞ ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል እርጉዝ ሴት ጭማቂውን መጠጣት የለባትም። ለአራስ ልጅም ቢሆን «ለሆድ ቁርጠት» እየተባለ የማናቸውም ቅጠል ጭማቂ ጠብ ሊደረግለት አይገባም፤ እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ይበቃዋል። አያቶች ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ግን ነገሩ ይኸው ነው።

የገበያው መስፋፋት ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ጦስኝ ከግንዱ በላይ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሲነቀል ግን ያበቃለታል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር በአባቶች ሥርዓት፣ ጊዜ ለይቶ እየከለከለና እየፈቀደ ለዘመናት ጠብቆ አቆይቷል፤ ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ነዋሪው በኋላ መልሶ ጥበቃውን አደራጅቷል። ጦስኙንም በዚያው ዓይን ማየት ይቻላል። ገዢዋም ብትሆን ድርሻ አላት፤ ሥር የተያያዘበትን እስር ትታ ጫፉ የታጨደውን ትምረጥ። ግቢ ወይም በረንዳ ያላት ደግሞ ቡቃያ አግኝታ ውኃ በማያቋጥር አፈር፣ ፀሐይ በሚያገኝ ማሰሮ ብትተክለው ይይዝላታል፤ የሚገድለው ከጥማቱ ይልቅ ውኃ ማብዛት ነው።